የመልከ ጥፉዎች ሸንጎ

ጦርነቱ ያለቀበት ዓመት ማብቂያ ነው፤ እ.ኤ.አ. 1945። እንግሊዝ አገር፣ ሣር በዋጠው በአንድ የአውሮፕላን ማረፊያ ዳር፣ ፈላጊ ያጡ አውሮፕላኖች ክንፍ ለክንፍ ተጠጋግተው ቆመዋል። ነዳጃቸው ተቀድቷል፤ መትረየሳቸው ተነቅሏል፤ በጎናቸው በነጭ ቀለም ቁጥር ተጽፎባቸዋል። በማግስቱ ቁራሌው እንደሚመጣ ሁሉም ያውቃሉ። የዚያ አገር ቁራሌ ጆንያ አንግቶ እየተጣራ በየሰፈሩ የሚዞር አይደለም፤ ክሬን፣ የብረት መጋዝና ሌት ተቀን የሚነድ ምድጃ አለው።

ምድጃው ራሱ እንግዳቸው አልነበረም። በ1940 ሐምሌ፣ የአውሮፕላን ምርት ሚኒስትር የነበሩት ሎርድ ቢቨርብሩክ የአገሩ ሴቶች የአሉሚኒየም ድስትና መጥበሻቸውን እንዲያዋጡ፣ ከዚያም ተዋጊ አውሮፕላን እንደሚሠራ ተናግረው ለምነው ነበር። ሴቶቹም ጓዳቸውን አራቁተው ሰጡ። አምስት ዓመት አለፈና አውሮፕላኑ ተመልሶ ድስት ሊሆን ነው። ከተሰለፉት አንዳንዶቹ «ወደ እናቴ ጓዳ መመለሴ ነው» እያሉ ይቀልዱ ነበር፤ ቀልዱ ግን ማንንም አላሳቀም።

ማታ ላይ ወሬ ተነዛ። ከመካከላቸው አንድ፣ አንድ ብቻ፣ ለሙዚየም ይተርፋል የሚል። ወሬውን ማን እንዳመጣው አይታወቅም፤ ሞት ደጅ ላይ ሲቆም እንዲህ ያለ ወሬ አምጪ አያስፈልገውም። ቆንጆዎቹ አልተጨነቁም። በሞላላ ክንፏ የአገሩን ልብ የሰረቀችው ስፒትፋየር ቦታዋ ተይዞላታል፤ እዚያ ሜዳ ላይም አልነበረችም። የተጨነቁት መልከ ጥፉዎቹ ናቸው። ሸንጎ እንቀመጥ ተባባሉ። ዋርካ ስላልነበረ በአሮጌው ሃንጋር ጥላ ሥር ከበቡ።

ለዳኝነት የተመረጡት አያ ሶርድፊሽ ናቸው። ክንፋቸው ሁለት ደርብ፣ ገላቸው በሽቦ የተወጠረ ሸራ፣ እግራቸውን አጥፈው የማያውቁ፣ ቢጣደፉ ቢጣደፉ በሰዓት ከ220 ኪሎ ሜትር ብዙም የማያልፉ ሽማግሌ። መርከበኞቹ የገበያ ዘንቢል እያሉ ያፌዙባቸው ነበር፤ የተሰጣቸውን ሁሉ ስለሚሸከሙ። በወጣትነታቸውም ያረጁ ይመስሉ ነበር ይባላል። ግን በኅዳር 1940 ሌሊት፣ 21 ሆነው ኢለስትሪየስ ከተባለው መርከብ ተነሥተው ታራንቶ ወደብ ላይ የኢጣሊያን ባሕር ኃይል ያስለቀሱት የእሳቸው ወገኖች ናቸው፤ ሦስት ታላላቅ የጦር መርከቦች መትተው ሁለት ብቻ ጎድለው ተመለሱ። በግንቦት 1941 የቢስማርክን መሪ በቶርፔዶ ቆልፈው ያን የጀርመን ግዙፍ መርከብ መሄጃ ያሳጡትም እነሱው ናቸው። ይህን ያህል የሠራ ሽማግሌ ባለበት ሌላ ዳኛ አይፈለግም።

ከሳሽ ሆኖ የቀረበው ሞስኪቶ ነው። መልኩ የተዋጣ፣ በራሪነቱ የተመሰከረለት፣ ምላሱም ፈጣን። ገላው እንጨት ስለሆነ ምድጃው አያስፈራውም፤ ምድጃ የማያስፈራው ደግሞ ሲከስ ያምርበታል።

«የተከበሩ ዳኛ፣ ክሴ አጭር ነው» አለ። «በሙያችን ዓይን የወደደውን አየርም ይወደዋል ይባላል። እነዚህን ይመልከቷቸው። አንዱ አፍንጫውን ደፍቶ ይበራል፤ አንዱ የቤት ቁመት የሚያህል እግር ተክሎ ሽቅብ መውጣት ግን ያቅተዋል፤ አንዱማ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ ግማሽ ጎኑ የለም። ሰማዩን አዋረዱት። ከእነዚህ አንዱን ለልጅ ልጅ ብናሳይ ምን ብለን እናስረዳለን?»

አያ ሶርድፊሽ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አንተ ልጅ፣ ጦርነቱ ሲጀመር ‹በዚህ ዘመን ደግሞ እንጨት!› ብለው ስንት ሹማምንት እንደሳቁብህ ረሳኸው? ሰር ዊልፍሪድ ፍሪማን ናቸው አንተን ያዳኑህ፤ ላዳኑበትም ‹የፍሪማን ቂልነት› የሚል ስም ወጣልህ። ይሁን፣ ክስህን ተቀብያለሁ። ነገር ግን በዚህ ሸንጎ መልክ አይከሰስም። የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ ይህን መልክ ማን አዘዘው? በሉ፣ በላ ልበልሃው ይጀመር።»

መጀመሪያ አፍንጫ ደፊው ዊትሊ ቆመ። ረጅም ንግግር አልነበረውም። «ስነደፍ ክንፌ ላይ ፍላፕ አልታሰበልኝም» አለ። «ያለ ፍላፕ በዝግታ ለማረፍ እንዲመቸኝ ክንፌን ከወገቤ ስምንት ዲግሪ ተኩል ያህል ቀና አድርገው ገጠሙት። ኋላ ፍላፑ መጣ፤ ክንፉን መልሶ የሚያስተካክል ግን ጠፋ። ክንፌ ቀና እንዳለ ሰማዩን ቀጥ ብዬ ልሂድ ስል ወገቤ ይደፋል። የሚያዩኝ ሰዎች ትሕትና መሰላቸው።» ተሳቀ፤ ተቀመጠ።

ቀጥሎ ስተርሊንግ ተጠራ። ሲነሣ ሜዳው ጠበበ። አራት ሞተር የተሸከመ፣ አፍንጫው ከመሬት ሰባት ሜትር ያህል ሽቅብ የራቀ፣ እግሩ ረጅምና ውስብስብ፣ ክንፉ ግን ለዚያ ገላ ያጠረ። ሞስኪቶ ቸኮለ።

«እርስዎ ስተርሊንግ፣ ጭነት ይዘው ከ5,000 ሜትር ብዙ ከፍ ማለት አቅቶዎት ነበር። እውነት ነው ሐሰት?»

«እውነት ነው።»

«ላንካስተሮች ከበላይዎ ይበሩ ነበር፤ የሚጥሉት ቦምብ አንዳንዴ የእርስዎን ወገኖች ክንፍ ይመታ ነበር። እውነት ነው?»

«እውነት ነው። የጠላት መድፍ ከሥር፣ የወንድም ቦምብ ከላይ።»

«ምክንያቱ?»

«ክንፌን ያሳጠረው በሩ ነው» አለ ስተርሊንግ። «ሃንጋሩ ውስጥ እንድገባ ብለው ነው የቆረጡኝ ሲባል ሰምቼ አድጌአለሁ።»

ይህን ጊዜ ከበስተጀርባቸው አንድ ነገር ሲጢጥ አለ። የሃንጋሩ በር ነው። ሳይጠራ መናገሩ ነውር ቢሆንም፣ ስሙ ስለተነሣ አያ ሶርድፊሽ ፈቀዱለት።

«እኔ በር ነኝ» አለ። «ሰው በየመጠጥ ቤቱ ስሜን ሲያነሣ እሰማለሁ። ስተርሊንግን ያሳጠረው በሩ ነው፣ በሩ ነው! ለኩኝ። አፌ 112 ጫማ ይከፈታል። እሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ 99 ጫማ ከአንድ ኢንች ነው። ደግሞም ትእዛዙ ራሱ ይህ አውሮፕላን ደጅ እየዋለ ደጅ ይጠገናል ይላል። ወደ እኔ ምን ሊያደርግ ይመጣል? ጥፋተኛ ሲጠፋ አፍ አውጥቶ የማይናገረው ላይ መለጠፍ የሰው ልማድ ነው፤ እኔ ግን ዛሬ ተናገርኩ።»

ሸንጎው ዝም አለ። አያ ሶርድፊሽ «እንግዲያው ወረቀቱ ይምጣ» አሉ።

ወረቀቱ መጣ። ቢ 12/36 ይባላል፤ የአየር ሚኒስቴር በ1936 ያወጣው የቦምብ ጣይ አውሮፕላን ትእዛዝ ነው። አልፈራም፤ ወረቀት አይፈራም። በጥሩ እንግሊዝኛ አነበበ፦ 14,000 ፓውንድ ቦምብ ይሸከም። ሲያስፈልግ 24 ወታደር ከነትጥቁ ይጫን። በካታፑልት ተወንጭፎ መነሣትም ይቻለው። የክንፉ ርዝመት ግን ከ100 ጫማ አይለፍ።

«ለምን 100?» ጠየቁ ዳኛው።

«ክንፉ ከተገደበ ሰውነቱም ይገደባል፣ ክብደቱም አያሻቅብም ተብሎ ነው።»

«አላሻቀበም?»

ወረቀቱ ዝም አለ። ስተርሊንግ ነው የመለሰው። «አሻቀበ። 24 ወታደር የሚውጥ ሆድ ያዘዘ ሰው ቀጭን ልጅ እንዴት ይጠብቃል?»

ሞስኪቶ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚለቅ አልነበረም። እዚህ ላይ የከሳሹን ብልህነት መካድ አይቻልም፤ እኔ ራሴ ጠበቃ ብሆን ይህችን ጥያቄ አልስታትም። «ላንካስተር ይቁም!» አለ። ላንካስተር ቆመ። «ክንፍህ ስንት ነው?» «102 ጫማ።» «ተሰማልኝ? ሦስት ጫማ! የሦስት ጫማ ልዩነት ነው ይህን ያህል ያራራቃቸው? ስተርሊንግ ሆይ፣ ክንፍ አጠረኝ የምትለው ሰበብ ነው።»

ነገሩ ስተርሊንግን ያስጨነቀው መሰለ። ቆይቶ ግን በእርጋታ ተናገረ። «ልክ ነህ፣ ክንፉ ብቻ አይደለም። ላንካስተር ቁመቱ 69 ጫማ ነው፤ የእኔ 87። ባዶ ሆዴን ከእሱ በብዙ ሺህ ፓውንድ እከብዳለሁ። እሱን ቦምብ ተሸከም አሉት፤ ተሸከመ። እኔን ቦምብም ተሸከም፣ ወታደርም ጫን፣ ከአጭር ሜዳም ተነሥ፣ ክንፍህ ግን አይርዘም አሉኝ። በግማሽ መጠን የተሠራው ናሙናዬ ሲበር አብራሪዎቹ ሲነሣ ክንፉ ይበልጥ ቀና ይበል አሉ። ክንፉን ነቅሎ ቀና ማድረግ ጊዜ ይፈጃል ተባለና እግሬን አስረዘሙት። ክንፍ ለከለከሉኝ በእግር ካሱኝ። በግንቦት 1939 ለመጀመሪያ ጊዜ በርሬ ሳርፍ ፍሬኑ ነክሶ ያ እግር ተሰበረና ሰውነቴ አፈር ላይ ተንኮታኮተ። አንድ ሰው አንድ ነገር ቢያዘኝ ኖሮ እኔም አምርብህ ነበር፣ ሞስኪቶ። እኔን ያበላሸኝ ጉባኤ ነው።»

ወረቀቱን እንደገና ጠየቁት። «የፈረመብህ ማነው?»

«ፊርማው የብዙ ሰው ነው» አለ ወረቀቱ።

«ዛሬ እዚህ አለ? ከተሰለፉት መካከል?»

«በቁራሌው ዝርዝር ውስጥ የእነሱ ስም አልተጻፈም።»

ጸሐፊው ይህን መዘገበ።

ከዚህ በኋላ የብላክበርን ፋብሪካ ሁለት ልጆች፣ ሮክና ቦተ፣ አብረው ቀረቡ። መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ እንደሚባለው፣ ሮክ ስሙን የወሰደው በዓረቦች ተረት ዝሆን አንሥታ ከምትበረው ግዙፍ ወፍ ነው። ራሱ ግን እንኳን ዝሆን የራሱን ጀርባም መሸከም ይከብደው ነበር። «ተዋጊ ነህ ተባልኩ» አለ። «አራት መትረየስ ጀርባዬ ላይ በሚሽከረከር ማማ ተተከለ፤ ወደ ፊት የሚተኩስ አንድም አልተሰጠኝም። ጠላትን ለመምታት ቀድሜው አልፌ፣ ዞሮ እንዲያየኝ መጠበቅ ነበረብኝ። በእኔ ፍጥነት ማን ይቀደማል? ጎስፖርት ላይ አራት ወንድሞቼ በቦምብ ከተጎዱ በኋላ መሬት ላይ እንደቆሙ የግቢ ዘበኛ ተደረጉ፤ ማማቸው ውስጥ ሰው ተቀምጦ ወደ ሰማይ ያነጣጥር ነበር። እውነቱን ልናገርና ከሥራዬ ሁሉ ያ ተስማምቶኛል።»

ቦተ ግን አልቀለደም። «ሥራዬ ባሕር መቃኘት ነው ተባለ። ሞተሮቼን ከመስኮቶቼ አጠገብ ተከሏቸው፤ ግራ ቀኝ ማየት ተሳነኝ። ሦስት ሰው ይዘህ ትበራለህ የተባልኩት፣ ሲጀመር አራት ሆነ፤ ለአራቱ የሚበቃው ሞተር ደግሞ ቦፎርት ለሚባለው የጎረቤት ልጅ ተሰጠ። ልምድ ያላቸው አብራሪዎች አንፈልግህም ሲሉኝ ለጀማሪ ተማሪዎች ሰጡኝ።»

«ለጀማሪ?» አለ ሞስኪቶ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

«ለጀማሪ። ስንቱ ልጅ በእኔ እንዳለቀ አትጠይቀኝ።»

ማንም አልጠየቀውም።

አሁን የሁሉም ዓይን ወደዚያ ግማሽ ጎን ወደሌለው ዞረ። ከጀርመን ተማርኮ የመጣው ብሎም ኡንድ ፎስ 141 ነው። በግራ በኩል ሞተርና ጭራ የያዘ ረጅም ግንድ፤ በቀኝ በኩል ሦስት ሰው የሚቀመጥበት፣ ዙሪያው መስታወት የሆነ ክፍል፤ የጭራው አግዳሚ ደግሞ ከአንድ ወገን ብቻ የተዘረጋ። የማያውቀው ሰው አደጋ ደርሶበት የመጣ ይመስለዋል።

«አንተ የባዕድ ልጅ፣ ይህን ሰውነት ማን አዘዘልህ?» አሉት ዳኛው።

«ጌታዬ፣ የእኔ ትእዛዝ ግልጽ ነበር» አለ። «በ1937 የበርሊኑ የአየር ሚኒስቴር አንድ ሞተር፣ ሦስት ሰው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጥርት ያለ እይታ ያለው የቅኝት አውሮፕላን ፈለገ። አንድ ሞተር ያለው አውሮፕላን ሞተሩ አፍንጫው ላይ ነው፤ ሞተሩ አፍንጫው ላይ ከሆነ ፊት ለፊት አይታይም። ዶክተር ሪቻርድ ፎግት ታዲያ ሞተሩን ወደ አንድ ወገን፣ ሰዎቹን ወደ ሌላው ወገን ገፏቸው። ፕሮፔለር ሲሽከረከር አውሮፕላኑን ወደ አንድ ጎን ይጎትታል፤ የሰዎቹ ክብደት በሌላው ጎን ሆኖ ያንን ያቃናዋል። ቀጥ ብዬ የምበረው ጠማማ ስለሆንኩ ነው። በየካቲት 1938 በረርኩ፤ የበረሩብኝም አላማረሩም።»

«ታዲያ ለምን ብዙ አልተሠራህም?»

ከግራ ጎኑ ብሶት ያለበት ድምፅ ወጣ። «መጀመሪያ ጉልበት ያንስሃል አሉኝ። እውነት ነበር። ሄጄ ብርቱ ሞተር፣ ቢኤምደብሊው 801 የሚባለውን፣ ይዤ መጣሁ። ይህ ሞተር ለፎክ ቩልፍ 190 ያስፈልጋል አሉኝ። የሃይድሮሊክ ሕመም ነበረብኝ፣ አልዋሽም፤ ግን ሕመም ያልነበረበት ማን ነው? ቦታውን ለፎክ ቩልፍ 189 ሰጡት። እሱ ሁለት ሞተር አለው! ትእዛዙ አንድ ነበር የሚለው። ግን ግራና ቀኙ እኩል ነው፤ ፊቱ ለሹም አይከብድም።»

እዚህ ላይ በተሰለፉት መካከል ማጉረምረም ሆነ። የሥራ ቅጥር ማስታወቂያ አይቶ ማመልከቻ ያስገባ ሁሉ ይህን ታሪክ ያውቀዋል። ዲግሪ የለህም ይሉታል፤ ይዞ ሲመጣ ልምድ የለህም ይሉታል፤ በመጨረሻ የሚቀጠረው ማስታወቂያው ያልጠየቀውን ይዞ የመጣ ሌላ ሰው ነው፣ ለዓይን ስለሚመች።

በዚህ መካከል ጥግ ላይ የቆመችው እመት ዋልረስ «እኔም ልናገር» አለች። ሆዷ የጀልባ፣ ክንፏ ሁለት ደርብ፣ ሞተሯ በክንፎቿ መካከል ወደ ኋላ ዞሮ የተሰቀለ፣ ጎማም ያላት ባሕር ላይም የምታርፍ ናት። ሞስኪቶ ገና ሳትጀምር ፈገግ አለ።

«ሳቅ፣ ልጄ» አለችው። «እኔን የነደፉኝ ሚስተር ሚቸል ናቸው። አር. ጄ. ሚቸል፤ ስፒትፋየርን የነደፉት። በ1933 እኔን አበረሩ፤ በ1936 እሷን። በ1937 ሞቱ። ታላቅ እህቷ ነኝ።»

ሜዳው በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ከስፒትፋየር ጋር በዘመድነት የሚጠራ መልከ ጥፉ እስከዚያች ሌሊት አልተሰማም ነበር።

«አንድ እጅ ነው የሠራን፤ የታዘዘው ግን ለየቅል ነው» ቀጠለች። «እሷን ፍጠኚና ግደዪ አሉ፤ እኔን ከመድፍ መርከብ ላይ ተወንጭፈሽ ባሕር ላይ እረፊ አሉኝ። የእሷ ልጆች እየተመቱ ባሕር ላይ ሲወድቁ የማነሣቸው እኔ ነኝ። አንዳንዴ ያነሣሁት ሰው በዝቶ መብረር ሲያቅተኝ በማዕበሉ ላይ እየዋኘሁ ወደ ቤት ተመልሻለሁ። ከባሕር የወጣ አብራሪ ስለ መልኬ አንድም ቀን አንሥቶ አያውቅም።»

ይህን ጊዜ ደስታ ሆነ። ዊትሊ አፍንጫውን ቀና አደረገ፤ ሮክ ማማውን አሽከረከረ። «መልከ ጥፉ ይኑር!» አለ አንዱ። «ቆንጆ ሁሉ ከንቱ ነው!» አለ ሌላው። «እኛ ስለምናስጠላ ነው ደጎች የሆንነው!» አለ ሦስተኛው። ከዚያ ሁሉም አያ ሶርድፊሽን ማወደስ ጀመሩ፤ ዝግታቸውን ጥበብ፣ ሸራቸውን ትሕትና፣ እርጅናቸውን ቅድስና አደረጉት።

አያ ሶርድፊሽ እጃቸውን ቢኖራቸው ያነሡ ነበር። «ተዉ!» አሉ። «ዝም በሉ! በየካቲት 1942 የጀርመን መርከቦች በእንግሊዝ ሰርጥ ሲያልፉ፣ በጠራራ ቀን፣ ከእኔ ወገን ስድስት ተላኩባቸው። መሪያቸው ዩጂን ኤስሞንድ ነበር፤ ቢስማርክን ካሳደዱት አንዱ። የጠላት ተዋጊዎች ከበቧቸው። ዝግታዬ ያን ቀን ጥበብ አልሆነም። ስድስቱም ወደቁ። ከ18 ሰዎች 13ቱ ሞቱ፤ ኤስሞንድም ሞተ፤ ቪክቶሪያ መስቀል ከሞተ በኋላ ተሰጠው። አሮጌ መሣሪያ ይዘህ ሂድ ብሎ የላካቸው ሰው ዛሬ ስለ ጀግንነታቸው ቢናገር አይገርመኝም። እናንተ ግን አስቀያሚነትን ማወደስ ልታስተምሩኝ አትነሡ። ቀድሞ ቆንጆ መሆን ሹመት ነበር፤ አሁን አስቀያሚ መሆን ሹመት ይሁን ነው የምትሉት። የጠየቅኳችሁ ይህን አልነበረም።»

ደስታው ከሰመ። ሊነሡ ሲሉ ከሜዳው ጫፍ አንድ ድምፅ መጣ፤ «እኔስ?»

ካፕሮኒ ነው። እንዴት እዚያ እንደደረሰ ተረቱ አይናገርም፤ ምሥራቅ አፍሪካ ላይ ተማርኮ ተቆራርጦ መጣ ይላሉ። ሦስት ሞተር፣ ከላይ የተዘረጋ ወፍራም ክንፍ፣ የማይታጠፍ እግር፣ አራት ማዕዘን ገላ።

«እኔም አስቀያሚ ነኝ» አለ። «እኔንም ያዘዘኝ አለ። በቅኝ ግዛት ምድር ሸክም አመላልስ፣ ቦምብም ጣል ተባልኩ፤ የተባልኩትን አደረግሁ። ከስተርሊንግ ይልቅ የታዘዝኩትን ፈጽሜአለሁ። ትእዛዝ ስተርሊንግን ካዳነ እኔንም ያድነኝ።»

«የት ሠራህ?» አሉት።

«ኢትዮጵያ።»

ይህን ስም ሲሰሙ የተንቀሳቀሱት ጥቂቶች ናቸው፤ የቀሩት አገሩን አያውቁትም ነበር። ስለዚህ ካፕሮኒ ራሱ እንዲናገር ታዘዘ። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ተከዜ አካባቢ በራስ እምሩ ጦር ላይ የሰናፍጭ ጋዝ መውረድ እንደጀመረ፣ ከዚያም በየጦር ግንባሩ እንደቀጠለ፣ የእሱ ወገን የሆኑ ካፕሮኒዎች በቦምብ ሲጥሉት እንደነበር ተናገረ። መርዙ ባዶ እግሩን የሚሄደውን ወታደር፣ ውሃ የምትቀዳውን ሴት፣ ከብቱንም እንዳልለየ ተናገረ። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ ቆመው ለመንግሥታት ማኅበር እንደከሰሱ፣ ጉባኤተኛውም አዳምጦ እንደተበተነ ተናገረ። ሁሉንም ሲናገር ድምፁ አልተለወጠም።

ሞስኪቶ ቆመ፤ ተቀመጠ። ክስ አጥቶ ሳይሆን ከየት እንደሚጀምር ጠፍቶት ነው።

እዚህ ቦታ ላይ ሌላ ተረት ቢሆን ዳኛው በብልሃት ወጥመድ ዘርግተው ካፕሮኒን በገዛ ቃሉ ይጥሉት ነበር። አያ ሶርድፊሽ ግን ብልጥ አልነበሩም፤ ዘገምተኛ ነበሩ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ይህን ፈረዱ።

«ስተርሊንግ ያጠረው፣ ቦተ የታወረው፣ ያ የጀርመን ልጅ የተንጋደደው በወረቀት ነው፤ ጥፋቱ በወረቀቱና በፈረሙት ላይ ይጻፍ። ካፕሮኒ፣ ያንተም ሦስት ሞተርና ወፍራም ክንፍ በወረቀት ነው፤ በመልክህ አንጠይቅህም። መርዙ ግን መልክ አይደለም። እኛ ብረትና ሸራ ነን፤ እምቢ ለማለት አፍ አልተሰጠንም። መርዙን የጫኑት፣ ማስለቀቂያውን የሳቡት፣ ከዚያ ቀደም ብሎ ቴሌግራም የጻፉት ግን አፍ ነበራቸው። ‹ታዝዤ ነው› የሚለው ቃል ለእኛ ምስክርነት ነው፤ ለእነሱ መደበቂያ ነው። አንተን ነጻ ባወጣህ እነሱ ባንተ ክንፍ ሥር ይሸሸጋሉ፤ ብኮንንህም ኩነኔው አንተ ላይ ቀርቶ እነሱ በሰላም ቤታቸው ይገባሉ። ስለዚህ አልፈርድብህም፣ አልፈታህምም። ሰዎቹ እስኪቀርቡ ፋይልህ ክፍት ይቆይ።»

«እስከ መቼ?» አለ ካፕሮኒ።

«እስኪቀርቡ።»

ለሙዚየም ማን ይመረጥ የሚለው ጥያቄ ሳይነሣ ነጋ። ቁራሌው መጣ። የሸንጎውን መዝገብ አላየም፤ ቢያይም አያነበውም። የሚገዛው በክብደት ነበርና ከትልቁ ጀመረ። ክሬኑ ስተርሊንግን በወገቡ አነሣው፤ ረጅም እግሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ጭነት ተንጠለጠለ። ቀጥሎ ዊትሊ፣ ቀጥሎ ቦተ፣ ቀጥሎ ያ ግማሽ ጎን የሌለው። በሩ ተከፍቶ ሁሉንም አሳለፈ፤ ማንንም አልከለከለም።

ተረቱ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ከዚህ በታች ያለው ታሪክ ነው። አንዳንድ ሶርድፊሾችና ጥቂት ዋልረሶች ተርፈው ዛሬ እንግሊዝ አገር በሙዚየም ይታያሉ። ስተርሊንግ ከ2,300 በላይ ተሠርቶ ነበር፤ ሙሉ አካሉ የተረፈ አንድም የለም። ሙሉ ዊትሊም የለም፤ ሙሉ ቦተም የለም፤ ከብሎም ኡንድ ፎስ 141 አንዱም አልቀረም። ስተርሊንግን 100 ጫማ ላይ ያቆመውን የቢ 12/36ን ትእዛዝ ግን ዛሬም የአውሮፕላን ታሪክ መጻሕፍት ይጠቅሱታል። የመርዝ ጋዙን ፈቃድ በቴሌግራም ይልክ የነበረው ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በ1945 በገዛ አገሩ ሰዎች ተገደለ፤ የተገደለው ግን በኢትዮጵያ ጉዳይ ተከሶ አይደለም። ማርሻል ግራዚያኒን በ1950 የኢጣሊያ ፍርድ ቤት ከጀርመኖች ጋር በመተባበር ፈረደበት፤ በኢትዮጵያ ስላደረገው አልጠየቀውም፤ በወራት ውስጥም ተፈታ። በሰሜኑ ግንባር ጦሩን ያዘዘው ማርሻል ባዶሊዮ አንድም ቀን ፍርድ ቤት ሳይቀርብ በ1956 አረፈ። በፒዬሞንቴ የምትገኘው የትውልድ መንደሩ በፋሺስት ዘመን በስሙ ተሰየመች፤ ዛሬም ግራትሳኖ ባዶሊዮ ትባላለች።